ጥቅሱ የት ላይ ተዘጋ?
ስለ ስርዓተ ነጥብና ስለ እርማት



ባለፈው ዓመት በዚሁ መጽሔታችን ላይ ዕውቀት ስለ መፈለግ አንድ ጽሑፍ አውጥተን ነበር። በውስጡ የአንድ ሐዲስ ትርጉም ነበረበት። ከሐዲሱ ቀጥሎ ደግሞ ሐሳቡ እንዲጠነክር ብለን ከራሳችን የጨመርናት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ጥቅሱን ስንጀምር መክፈቻ ምልክቱን አድርገናል። መዝጊያውን ግን ረሳነው። መጽሔቱ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ከመካከላችን አንዱ ጓደኛውን ሊጠይቅ ወደ ሌላ ብሎክ ሲሄድ አንድ የዶርም በር ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አየ። ከላይ «ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲህ ብለዋል» ይላል። ከሥሩ ያለችው ያቺው የእኛ ዓረፍተ ነገር ነበረች። ሐዲሱ ራሱ ወረቀቱ ላይ የለም።

ወረቀቱን የለጠፈው ወንድም ምንም ጥፋት የለበትም፤ ያነበበውን ነው የጻፈው። ጥፋቱ የእኛ ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ያላሉትን ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ሆን ብለን አላደረግነውም፤ ግን እኛ ሆን ባንልም ወረቀቱ በሩ ላይ መለጠፉ አልቀረም። ወንድማችንን አነጋግረን ወረቀቱን አነሣን፤ በቀጣዩ እትምም ማስተካከያ አወጣን። ማስተካከያውን ስንት ሰው እንዳነበበው አናውቅም። ዓረፍተ ነገሯን እዚህ የማንደግማትም ለዚሁ ነው፤ ደግሞ ከዚህ ተቀድታ እንዳትሄድ።

የዛሬው ትምህርታችን ያን ምሽት ከዒሻ በኋላ ተቀምጠን ከተነጋገርነው የመጣ ነው። አብዛኞቻችን የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን። ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ የቋንቋ ክፍል ልጆች ጣጣ ይመስለን ነበር።

ከሁለት ትምህርት ቤት ያገኘነው

ብዙዎቻችን ግማሽ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን መድረሳ እየዋልን ነው ያደግነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ስርዓተ ነጥብ ማለት የ«አዛምድ» ጥያቄ ነበር። በ«ሀ» ረድፍ ምልክቱ፣ በ«ለ» ረድፍ ስሙ፦ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ ቃለ አጋኖ፣ ትዕምርተ ጥቅስ። አዛምደን ሙሉ ነጥብ እናገኛለን። ከዚያ በኋላ ራሳችን በጻፍነው ድርሰት ውስጥ ድርብ ሰረዙን የት እንዳደረግነው የጠየቀን የለም፤ የትም አላደረግነውማ!

በመድረሳ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ስለ ስርዓተ ነጥብ አንድም ቃል አልተነገረንም፤ ግን ያለ ቦታው የቆመ ልጅ አያልፍም። ከፊደሎቹ በላይ ያሉትን ትንንሽ ምልክቶች ገና ትርጉሙን ሳናውቅ ተማርናቸው፦ ሚም ካለ የግድ ቁም፣ ላም-አሊፍ ካለ አትቁም፣ ጂም ካለ ሁለቱም ይቻላል። የአል-ማዑንን ሱራ 4ኛ አንቀጽ ቀርቶ ሊነሣ የሚዳዳው ልጅ ሁልጊዜ አይጠፋም ነበር። የአንቀጽ መጨረሻ ስለሆነ እዚያ ላይ ትንፋሽ መውሰድ ይቻላል። ንባቡን እዚያ ላይ መቋጨት ግን ዛቻውን በሰጋጅ ሁሉ ላይ ማውረድ ነው፤ ለየትኞቹ ሰጋጆች እንደሆነ የሚናገረው 5ኛው አንቀጽ ነውና። ኡስታዛችን በያዙት ልምጭ ወለሉን መታ መታ አድርገው «ወዴት ነው? ሰጋጁን ሁሉ አስፈርደህበት?» ይሉ ነበር። ያች ልምጭ እግራችንን ነክታ አታውቅም፤ ግን ከየትኛውም የአማርኛ ፈተና ይልቅ ስርዓተ ነጥብን ያስተማረችን እሷ ናት።

ጉዳዩ የልጆች ብቻም አይደለም። በአል-ዒምራን ሱራ 7ኛ አንቀጽ ላይ የአሻሚዎቹን አንቀጾች ፍቺ የሚያውቀው ማን እንደሆነ የሚናገር ቦታ አለ። በአላህ ስም ላይ የቆመ አንድ ትርጉም ያገኛል፤ ሳይቆም አልፎ በዕውቀት የጠለቁትንም ጨምሮ ያነበበ ሌላ ትርጉም ያገኛል። ታላላቅ ሊቃውንት በዚህች ማቆሚያ ላይ ተለያይተዋል። በአል-በቀራ ሱራ 2ኛ አንቀጽ ላይ ደግሞ ሦስት ሦስት ነጥቦች በሁለት ቦታ ተቀምጠዋል፤ በአንደኛው ከቆምክ በሌላኛው አትቆምም ማለት ነው። ከኤሌክትሪካል የመጣ አንድ ወንድማችን ይህን ሲያስረዳ መጀመሪያ «ኤክስ-ኦር ጌት ነው» አለ። ትንሽ አሰበና «አይ፣ በሁለቱም ሳይቆሙ ማለፍ ስለሚቻል ናንድ ጌት ነው» ብሎ ራሱን አረመ። እርማት እንዲህ ነው የሚጀምረው።

እነዚህ ምልክቶች ከወሕዩ ጋር የወረዱ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ሙስሐፎች አናባቢም፣ ፊደልን ከፊደል የሚለይ ነጥብም አልነበራቸውም፤ ሰዉ ከአፍ ሰምቶ ነበር የሚያነበው። እስልምና ዐረብኛ አፍ መፍቻቸው ወዳልሆነ ሕዝቦች ሲሰፋ ስሕተት በዛ። አቡል አስወድ አድ-ዱአሊይ አናባቢን በነጥብ ማመልከት ጀመሩ። ኋላም ኸሊል ኢብኑ አሕመድ አል-ፈራሂዲ ዛሬ የምናውቃቸውን ፈትሓ፣ ከስራና ዶማ ቀረጹ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ሂጅሪያ የኖሩት አስ-ሰጃወንዲ ደግሞ ማቆሚያዎችን በፊደል የማመልከቱን ዘዴ አደራጁ። ሁሉም ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ አስተማሪው አጠገቡ ለሌለ አንባቢ የአስተማሪውን ድምፅ በወረቀት ላይ ማስቀመጥ። እኛም መጽሔቱን ለምታነቡት አጠገባችሁ የለንም።

ለተራው የዐረብኛ ጽሑፍ ግን የዛሬዎቹ ምልክቶች ብዙ ዘግይተው ነው የመጡት። ግብፃዊው አሕመድ ዘኪ ከአውሮፓ ቋንቋዎች የተወሰዱትን ምልክቶች ለዐረብኛ የሚያስተካክል መጽሐፍ ያሳተመው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ኪታብ ጸሐፊዎች ጥቅስን እንዴት ይዘጉ ነበር? ኪታብ የቀራችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሌላውን ሰው ንግግር አስፍረው ሲጨርሱ «ኢንተሃ»፣ ማለትም «አበቃ»፣ ብለው ይጽፋሉ፤ ወይም አሳጥረው አሊፍና ሃ ያስቀምጣሉ። ትዕምርተ ጥቅስ ባይኖራቸውም አማናው ነበራቸው። እኛ ምልክቱ ስልካችን ላይ እያለ ነው የረሳነው።

ሙድረጅ

ዶርሙ በር ላይ የደረሰው ነገር በሐዲስ ዕውቀት ውስጥ የቆየ ስም አለው፦ ሙድረጅ። የአንድ ዘጋቢ ማብራሪያ ከሐዲሱ ቃል ጋር ሳይለይ ተቀላቅሎ ሲተላለፍ እንዲህ ይባላል። ዘጋቢው የዋሸ መሆን የለበትም። አንድን ቃል ለተማሪዎቹ ያብራራል፤ የሰማው ተማሪ ማብራሪያውን ከሐዲሱ ሳይለይ ያስተላልፋል። ስለ ወሕይ አጀማመር በሚናገረው የዓኢሻ ሐዲስ ውስጥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሒራእ ዋሻ ያደርጉት የነበረውን የሚገልጸው «ተሐኑስ» የሚለው ቃል ዒባዳ ማለት እንደሆነ የሚያብራራው ሐረግ የአዝ-ዙህሪ ማብራሪያ እንደሆነ ሊቃውንት ለይተዋል። ዉዱእን አሟልቶ ስለማድረግ የተነገረ አንድ ሐረግም ተረከዛቸው ሳይታጠብ ስለሚቀር ሰዎች ከሚያስጠነቅቀው ሐዲስ ጋር ተያይዞ ሲተላለፍ፣ ሐረጉ የአቡ ሁረይራ መሆኑ በሌላ ዘገባ ተገልጧል። አል-ኸጢብ አል-በግዳዲ በዚህ ጉዳይ ብቻ አንድ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። ሊቃውንት የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ከዘጋቢው ማብራሪያ ለመለየት ዕድሜያቸውን አፈሰሱ። እኛ መዝጊያ ምልክት ረስተን መልሰን አደባለቅነው።

ስለዚህ ከምልክቶች ሁሉ አንዱን ብቻ ለመማር ጊዜ ያለው ሰው ትዕምርተ ጥቅስን ይማር እንላለን። የአንቀጽ ወይም የሐዲስ ትርጉም ስንጽፍ ሦስት ነገር መለየት አለበት፦ የተጠቀሰው፣ ተርጓሚው በቅንፍ የጨመረው፣ የእኛ ሐሳብ። የእኛ ሐሳብ በአዲስ መስመር ቢጀምር ደግሞ የተሻለ ነው፤ ምልክቱ ቢረሳ እንኳ መስመሩ ይለየዋል።

በአማርኛ ላይ

አማርኛ አንድ ጎዶሎ አለው፤ የመድረሳ ልጅ ቶሎ የሚያየው። ዐረብኛ ሸዳ አለው። አማርኛ መጥበቅና መላላትን በፊደል አያሳይም። ስለዚህ ስርዓተ ነጥብ ከሌለ አንባቢው ብዙ ነገር በግምት ነው የሚሞላው። ይህችን ተመልከቱ፦

አሚሩ አለ ጸሐፊው አልመጣም

አሚሩ፣ «ጸሐፊው አልመጣም» አለ ለማለት ነው? ወይስ «አሚሩ» አለ ጸሐፊው፣ «አልመጣም»? ወይስ «አለ» ጠብቆ ይነበብና፣ አሚሩ አለ፤ ጸሐፊው አልመጣም? ፊደሉ አንድ ነው። በመጀመሪያው የቀረው ጸሐፊው ነው፤ በሁለተኛው አሚሩ ነው፤ በሦስተኛው ማንም ምንም አልተናገረም።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ሆዳችን የከፈለበትን ደግሞ እንንገራችሁ። በአንድ ረመዷን ዋዜማ ስለ ምግብ ሰዓት ደብዳቤ አስገባን። በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል፣ በስልክ፣ ቆመን የጻፍነው ነው። እንዲህ ይላል፦ «ለሚጾሙ ተማሪዎች እራት ከመግሪብ በኋላ ቁርስና ምሳ ይቅርና ሱሑር ሌሊት 9 ሰዓት ይሰጠን።» እኛ ለማለት የፈለግነው ቁርስና ምሳ ቀርቶ በምትኩ ሱሑር ይሁንልን፤ እራቱም ከመግሪብ በኋላ ይሰጠን ነው። የተነበበው ግን እራትም፣ ቁርስም፣ ምሳም ይቅር፤ ሱሑር ብቻ ይሰጠን ተብሎ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰሐናችንን ይዘን ካፌ ስንደርስ ስማችን ከእራት ዝርዝር ወጥቷል። በቴምርና በውሃ አፈጠርን፤ ዳቦ የነበረው አካፈለ። የካፌው ሰዎች የተጻፈላቸውን ነው የፈጸሙት። በማግስቱ የተስተካከለው ደብዳቤ እንዲህ ነበር፦ «እራት ከመግሪብ በኋላ ይሰጠን፤ ቁርስና ምሳ ይቅርና በምትካቸው ሱሑር ሌሊት 9 ሰዓት ይሰጠን።» ልዩነቱ አንድ ድርብ ሰረዝና ጥቂት ቃላት ነው።

ድርብ ሰረዝ ሥራው ይኸው ነው፤ በሐሳብ የሚዛመዱ፣ ግን እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ዓረፍተ ነገሮችን ያቆራኛል። ነጠላ ሰረዝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተዘረዘሩትን ይለያል። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንባቢው ግሱ ላይ እስኪደርስ ድረስ ሁሉንም ተሸክሞ ነው የሚሄደው። የትኛው ከየትኛው ግስ ጋር እንደሚሄድ ካላሳየነው የተሸከመውን ሁሉ በመጀመሪያ ባገኘው ግስ ላይ ያራግፋል። እራታችን የሄደው እንደዚያ ነው።

ምልክት የማያድነው ዓረፍተ ነገርም አለ። «ያልተመዘገቡ ወንድሞችና እህቶች ቅዳሜ ይምጡ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈን እህቶች ሁሉም ይምጡ ወይስ ያልተመዘገቡት ብቻ የሚለው አከራክሮን ያውቃል። ነጠላ ሰረዝ ወዲህ ወዲያ ብናደርግም አልጠራም። እንዲህ ያለውን አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው፦ «እህቶች በሙሉ፣ ከወንድሞች ደግሞ ያልተመዘገቡት ብቻ ቅዳሜ ይምጡ።»

ስለ ቃለ አጋኖ ብዙ አንልም። አንድ በቂ ነው። አምስት የተደረደረበትን ማስታወቂያ ሰው የሚያነበው ጆሮውን ይዞ ነው።

ሌላው የስልክ ጽሑፍ ልማድ ነው። በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት የእንግሊዝኛ ኮሎን መደርደር በጣም ተለምዷል። በስክሪን ላይ ይመሳሰላል። ሲታተም ግን አንዱ ኮሎን በመስመሩ መጨረሻ ሌላው በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ሲወድቅ አይተናል። የአማርኛ ምልክቶች ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከነፊደሎቹ በዩኒኮድ ውስጥ የራሳቸው ቦታ አላቸው፤ የአማርኛ ኪቦርድ ላይ አራት ነጥቡን ፈልጎ ማግኘት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ረቂቃችሁ በኮሎን ተሞልቶ ከሆነ ደግሞ ፈልጎ በሚተካው ትእዛዝ በአንዴ ይስተካከላል። የቃላት አጻጻፍም እንዲሁ ነው። ሐዲስ በአንዱ ገጽ በ«ሐ»፣ በሌላው በ«ሃ» ከሚሆን አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻ መያዝ ነው።

ፕሮግራሚንግ የወሰዳችሁ ታውቃላችሁ፤ በሲ ቋንቋ ሴሚኮሎን ብንረሳ ኮምፓይለሩ ይጮኻል። ከፎር ሉፑ ቅንፍ በኋላ ሴሚኮሎን ብናስገባ ግን ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ሉፑ ባዶውን ይሽከረከርና ስሕተቱን ስንፈልግ እናድራለን። የአማርኛ አንባቢ እንደ ሁለተኛው ነው። አይጮኽም። የተሳሳተውን ትርጉም ይዞ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ አንዳንዴም በር ላይ ይለጥፈዋል።

ሙቃበላ

ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር ልጃቸውን ሂሻምን መጻፉን ጠይቀው፣ ከዋናው ጋር አለማመሳከሩን ሲነግራቸው፣ እንግዲያው አልጻፍክም እንዳሉት በሐዲስ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ይህ ማመሳከር ሙቃበላ ይባላል። ቁርኣን ራሱ በየረመዷኑ ከጂብሪል ጋር ይታይ እንደነበር፣ በመጨረሻው ዓመትም ሁለት ጊዜ እንደታየ በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል።

ኢብኑ ሶላሕ (በ643 ሂጅሪያ የሞቱት) ስለ ሐዲስ ዕውቀት በጻፉት መጽሐፍ የጸሐፊዎቹን ሥርዓት አንድ በአንድ ያስቀምጣሉ፤ እኛን እንደ ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ያስገረመን ይህ ክፍል ነው። በሁለት ሐዲሶች መካከል ትንሽ ክብ ይደረጋል። ክቡ መጀመሪያ ባዶ ነው። ሐዲሱ ከዋናው ቅጂ ጋር ከተመሳከረ በኋላ ብቻ በመካከሉ ነጥብ ይገባል። ገጹን የከፈተ ሰው የቱ እንደታረመ፣ የቱ እንዳልታረመ በዓይኑ ያያል። በእኛ ቋንቋ የፍተሻ ቅጽ ነው። የተዘለለ ቃል ከተገኘ ከተዘለለበት ቦታ መስመር ወደ ኅዳግ ይሳብና ቃሉ እዚያ ይጻፋል፤ መጨረሻው ላይ «ሶሕ» ይባላል፤ የጽሑፉ አካል እንጂ የአንባቢ ማስታወሻ እንዳልሆነ ለማሳወቅ። አጠራጣሪ ሆኖ ግን በትክክል እንዲሁ የተላለፈ ቃል ሲያጋጥም ደግሞ አይለውጡትም፤ ከላዩ እንደ ሷድ ያለ ምልክት ይስሉበታል። የሌላ ሰው ጽሑፍ የምናርም ልጆች ከዚህች ነው መማር ያለብን። ነጠላ ሰረዙን እናስተካክል፤ ሐሳቡ ካልገባን ግን ጸሐፊውን እንጠይቅ እንጂ በገዛ እጃችን አንለውጥ።

ከዚያ ወዲህ በመጽሔታችን የተያዘው አሠራር እንዲህ ነው። ጽሑፉ ተጽፎ ሲያልቅ አንድ ሌሊት ያድራል። በነጋታው በወረቀት ይታተማል፤ በስክሪን ላይ ያላየነው ስሕተት ወረቀት ላይ ብቅ ሲል ደጋግመን አይተናል። ከዚያ ሁለት ሰው ይቀመጣል። ጸሐፊው አያነብም፤ ሌላው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ጸሐፊው እርሳስ ይዞ ይሰማል። አንባቢው የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ ይሰመርበታል፤ ጸሐፊው «እንዲህ ለማለት ነው» ብሎ ማስረዳት አይፈቀድለትም፤ ዶርም ድረስ ሄዶ ለሁሉም ማስረዳት አይችልማ። ትንፋሽ የጨረሰ ዓረፍተ ነገር ለሁለት ይከፈላል።

ቀጥሎ የጥቅስ ዙር ነው፤ በዚህ ዙር ሌላ ምንም አይታይም። መክፈቻና መዝጊያ ምልክቶች በፍለጋ ይቆጠራሉ፤ 14 ተከፍቶ 13 ከተዘጋ አንዱ ክፍት ቀርቷል ማለት ነው። ቁጥሩ እኩል መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ያለ ቦታው የተዘጋ ሊኖር ስለሚችል እያንዳንዱ ጥቅስ ከምንጩ ጋር ይነበባል። የሱራና የአንቀጽ ቁጥር ሙስሐፍ ተከፍቶ ይታያል፤ ሐፊዝ የሆነ ወንድም እንኳ በቃሉ አያልፍም፤ ይህን ያለውም ራሱ ሐፊዙ ነው። ለፊደል ስሕተት ደግሞ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያው እናነባለን። ሐሳቡ ስለሚቆራረጥ ዓይን መዝለል ያቅተዋል። እያንዳንዱ አንቀጽ ሲያልፍ በኅዳጉ ባለው ክብ ውስጥ ነጥብ እናስገባለን።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ምሽት ወስዷል። በመጀመሪያው ንባብ እህታችን 23 ቦታ አሰመረች፤ ከእነዚህ አንዱ ስለ ሙድረጅ የጻፍነው አንቀጽ ውስጥ የነበረ ያልተዘጋ ጥቅስ ነው።

ለሚቀጥለው እትም ረቂቅ ያላችሁ ማክሰኞ ከዒሻ በኋላ በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ኑ። አንደኛው ለሚያነበው፣ ሌላው ለእናንተ ነው። እርሳስ እኛ ጋ አለ።